የቁም ተዝካር እና የሚቀድሙት ሒሳቦች

ቀብር ተፈጽሞ ድንኳኑ ገና ሳይነቀል ቤት ውስጥ በሹክሹክታ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ «አርባው መቼ ይውላል?» የቀን ጥያቄ ይምሰል እንጂ ከጀርባው ብዙ ነገር ተሰልፏል። በግ ይታረዳል ወይስ ሽሮ ይሠራል? ጠላው መቼ ይጠነሰሳል? ጤፉ ከደምቢያ ይምጣ ወይስ ቅዳሜ ገበያ ይገዛ? የጎደለውን ማን ያበድረን? ጎንደር ውስጥ ሰው ስለ መንግሥተ ሰማያት ያለው እምነት ከአፉ ይልቅ እዚህ ላይ ይታያል፤ ብሩንና ጊዜውን ለማን አስቀድሞ፣ ማንን አሳድሮ እንደሚሰጥ። ለእኔ እንደሚታየኝ ተራው ተገልብጧል። ዕዳው፣ ዕርቁ፣ ንስሐው፣ ለድኻ የሚሰጠው በቁም የሚያልቁ ሒሳቦች ነበሩ። እኛ ድግሱን አስቀድመን እነዚያን ለልጆች እናወርሳለን።

ቃላቱን እንለይ፤ ስሕተቱ ከዚያ ይጀምራልና። በተዋሕዶ ትምህርት ነፍስ ከሥጋዋ ስትለይ የጻድቃን ወደ ገነት፣ የኃጥአን ወደ ሲኦል ትሄዳለች፤ ሁለቱም መቆያ ናቸው። መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት የሚመጡት ከትንሣኤ ሙታንና ከመጨረሻው ፍርድ በኋላ ነው። ለቅሶ ቤት ገብተን «ነፍሱን በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን» ስንል የምንለምነው ያችን ማረፊያ ነው። ጸሎተ ፍትሐት ደግሞ ስሙ እንደሚለው መፍታት ነው፤ ለካህናት በተሰጠው ሥልጣን ነፍስን ከኃጢአት ማሰሪያ መፍታት። መምህራኑ ሲያስረዱ ቀድመው የሚጠቅሱት ንስሐ ገብቶ፣ የተሰጠውን ቀኖና፣ ማለት የንስሐ ቅጣቱን፣ ሳይጨርስ ሞት የቀደመውን ሰው ነው። ጨርሶ ላልጀመረው ሰው ግን ከመቃብር ወዲያ የሚጀምርለት የለም፤ ከሞት በኋላ ንስሐ የለምና። «ልጆቼ ያስፈቱኛል» ብሎ የሚቀመጥ ሰው ይህችን ልብ አላላትም።

ፍትሐቱ የሚደገምባቸው ቀኖች የታወቁ ናቸው፦ የቀብሩ ዕለት፣ 3ኛው (ሠልስቱ)፣ 7ኛው፣ 12ኛው፣ 30ኛው፣ 40ኛው፣ 80ኛው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ። ሠልስቱ የጌታን ትንሣኤ ያስታውሳል፤ ሠላሳው እስራኤል ለሙሴ ያለቀሱለትን 30 ቀን (ዘዳግም 34፥8)። ሕዝቡ አጥብቆ የያዘው አርባውን ነው። ታዲያ አቆጣጠሩ ላይ ብዙ ቤት ይሳሳታል። ሟች ጥቅምት 5 ቀን አረፈ እንበል። ያረፈበትን ዕለት አንድ ብሎ የሚቆጥር አርባውን ኅዳር 14 ያገኘዋል፤ ከማግሥቱ የሚጀምር ኅዳር 15። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። የአንድ ቀን ልዩነት በጉን ሽሮ አደረገው ማለት ነው። ሰማንያው በመጀመሪያው አቆጣጠር ታኅሣሥ 24 ይውላል፤ ጾሙ እስከ 28 ስለሚዘልቅ እሱም የጾም ነው። ረቡዕና ዓርብም አለ። «አባ፣ ዕለቱን ጨምረን ነው ወይስ ከማግሥቱ?» የሚለውን ጥያቄ በቀብሩ ሰሞን መጨረስ ይገባል። በጉ ተገዝቶ ግቢ ውስጥ ከታሰረ በኋላ የሚመጣ መልስ ቤተሰብ ያጣላል።

ሰሙነ ሕማማት ላይ ከወደቀ ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ሳምንት ፍትሐት አይደረግም። ስለዚህም ነው ሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በቆመው ሕዝብ ላይ ጸሎተ ፍትሐት የሚደረገው፤ በሳምንቱ የሚሞት ቢኖር ቀድሞ እንዲደርሰው። እንግዲህ አስቡት፦ ጤነኛ ሰው፣ በገዛ እግሩ ቆሞ፣ የራሱን ፍትሐት በጆሮው ይሰማል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚገኝ ዕድል ነው። አብዛኛው ሰው ግን ዘንባባውን ጣቱ ላይ ቀለበት አድርጎ፣ ግንባሩ ላይ አስሮ፣ ገና ሳይጀመር ወደ ቤቱ ይወርዳል።

ፍትሐትና ድግስ

እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ተቀላቅለውብናል። ለጸሎቱና ለመሥዋዕቱ የሚፈለገው ትንሽ ነው፦ ዕጣን፣ ጧፍ፣ ዘቢብ፣ ለመሥዋዕት የሚሆን ንጹሕ ስንዴ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው አንድ ቃል ነው፤ የክርስትና ስም። ካህኑ በጸሎት የሚጠራው የመታወቂያውን ስም ትቶ ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ኃይለ ሚካኤል የሚለውን ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ይህን ስም የምታውቀው አያት ብቻ ናት። እሷ ካረፈች የማንም የክርስትና ስም አብሯት ይቀበራል፤ የእሷም ጭምር። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ስትነሣ ስሙ ይነገራል፣ እልል ይባላል፣ ሳይጻፍ ይቀራል። አርባና ሰማንያው ራሱ ከገነት ጋር የተያያዘ ነው፤ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት ገቡ ከሚለው ትውፊት የመጣ ነው። የገነት መግቢያ ብለን የሰጠነውን ስም ደብተር ላይ ለማስፈር ሰንፈን፣ በመጨረሻ ካህኑ ሲጠይቅ እርስ በርስ እንተያያለን።

ወደ ጤፉ ልመለስ። 200 እንግዳ ቢጠራና ለአንድ ሰው አንድ ተኩል እንጀራ ቢታሰብ 300 እንጀራ ነው። ከ1 ኪሎ ዱቄት 5 ያህል እንጀራ ይወጣል፤ እንደ ምጣዱ ስፋትና እንደ ሊጡ ቅጥነት ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ 60 ኪሎ ጤፍ። ጠላው ቀኑ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መጠንሰስ አለበት፦ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ የጌሾው ጥንስስ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ብቅሉ፣ ቀጥሎም ተቆልቶ የተዘጋጀው ገብስ ይገባል፤ ድፍድፉ ሲደርስ ውኃ ተሞልቶ አፉ ይመረጋል። ጋኑ በደንብ ካልታጠነ ወይም ምርጉ ከላላ ይሆመጥጣል። የሆመጠጠ ጠላ ደግሞ በጎንደር ምድር ዓመት ሙሉ ይወራል። የወገራ ገብስ ተገኘ አልተገኘ የሚለው ጭንቀት፣ ቅዳሴው የት ይቀደስ ከሚለው ይልቅ እንቅልፍ የሚያሳጣበት ምክንያት ይሄው ነው፤ ይሉኝታ። «የአባቱን ተዝካር እንኳ በወጉ አላወጣም» መባል። ለዚህ ሲባል አራጣ የሚበደር አለ፤ የሙት ዓመቱ ሲደርስ የአርባው ዕዳ አላለቀም።

እነዚያን 300 እንጀራዎች በሌላ መንገድ እንቁጠራቸው። ጧሪ የሌላቸው አንዲት እናት በቀን ሁለት እንጀራ ቢበሉ 150 ቀን ነው። አምስት ወር ሙሉ። ድግሱ ላይ ግን በአንድ ከሰዓት ያልቃል፤ ከበላነው ውስጥ ብዙዎቻችን ቤታችን እንጀራ የነበረን ነን። ወንጌሉ በዚህ ነገር ላይ ለትርጓሜ የሚያስቸግር ቃል የለውም። ሉቃስ 14፥12–14 ግብዣ ስታደርግ ወዳጅህን፣ ዘመድህን፣ ባለጸጋ ጎረቤትህን አትጥራ፣ መልሰው ይጠሩሃልና ይላል፤ ድኾችን፣ አንካሶችን፣ ዕውሮችን ጥራ፤ የሚመልሱት የላቸውም፤ በጻድቃን ትንሣኤ ይመለስልሃል። ብድሩ የሚከፈለው በትንሣኤ ነው እያለ ነው። እኛ ዘንድ ነዳያኑ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጠው የእንግዳውን ትራፊ ይጠብቃሉ፤ ትንሣኤን የምናስበው እንግዶቹ ከጠገቡ በኋላ ነው።

ተራውን ማስተካከል ግን ቀላል ነው። ነዳያኑ ቀድመው ይቀመጡ፤ ከካህናቱም ከዘመዱም በፊት፣ ወጡ ትኩስ ሳለ፣ ከዋናው ድስት። ስንት ሰው እንደሚመጣ በአጥቢያው ደጅ የሚቀመጡትን ከሚያውቅ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ፤ ለማይመጡት፣ አልጋ ለያዙት፣ በሳህን ማድረስ። እንግዳውን በ50 መቀነስ 75 እንጀራ ያተርፋል፤ እሱ ብቻውን ለአንድ ሰው የአንድ ወር ከሳምንት ቀለብ ነው።

በቁም

አገራችን ለዚህ መድኃኒቱን አስቀድማ አውቃዋለች፤ የቁም ተዝካር ትለዋለች። ልጅ የሌላቸው ወይም በልጆቻቸው ያልተማመኑ አዛውንት ተዝካራቸውን በሕይወት ሳሉ ያወጣሉ። አንዳንዱ «የተስፋ መቁረጥ ነው» ይላል። እኔ ከሁሉ ይልቅ አስተዋይ የማምነው እንዲህ ያለውን ሰው ነው፤ ማን እንደበላ በዓይኑ አይቶ፣ የጎደለውን ራሱ አርሞ ይሄዳል።

የቁም ተዝካር አንድ ቀን የሚደረግ ድግስ ብቻ መሆን የለበትም። ለአርባው 30,000 ብር ሊያወጣ የሚችል ቤተሰብ ያንኑ ብር ለ12 ወር ቢከፍለው በወር 2,500 ይደርሳል። ለማን? ከተማችን ተቀባይ አጥታ አታውቅም። ለአቋቋም (ለዝማሬና ሽብሸባ ትምህርት) ወደ ባታ ቤተ ክርስቲያን የሚመጡት፣ በየደብሩ ድጓና ቅኔ፣ መጻሕፍት የሚማሩት ልጆች አኩፋዳቸውን፣ የምጽዋት መያዣቸውን፣ አንግተው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ ይቆማሉ። እነሱን መርዳት ላይም የጊዜ ስሕተት አለ። በጥምቀትና በፋሲካ ሰሞን እንጀራው ይትረፈረፋል፣ ይሻግታል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ የየቤቱ ጎታ ስለሚራቆት አኩፋዳው ባዶውን ይመለሳል። ስለዚህ ለተማሪ የሚሰጥ ሰው ከዓመቱ ድርሻ ብዙውን ለክረምቱ ቢያቆይ ይሻላል። በበዓል የተረፈውን እንጀራ በፀሐይ አድርቆ ድርቆሽ ማድረግና ለዝናቡ ጊዜ ማስቀመጥ ይቻላል። የሻገተውን ግን «ለተማሪ» ብሎ ማውጣት ምጽዋት አይባልም፤ የራስን ቆሻሻ ማስወገድ ነው።

ማኅበርም የቁም ተዝካር ዓይነት ነው። 12 ሰዎች በአንድ ታቦት ስም፣ በ12 ለሚካኤል ወይም በ21 ለማርያም ወይም በ27 ለመድኃኔ ዓለም፣ ጽዋ እየተቀባበሉ እያንዳንዳቸው በዓመት አንድ ጊዜ ይደግሳሉ። መሠረቱ ማቴዎስ 10፥42 ነው፤ በደቀ መዝሙር ስም ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም። ቀዝቃዛ ውኃ ነው የተባለው። ማኅበር የሚፈርስበት ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በዳቦ፣ በንፍሮና በጠላ ይጀመራል፤ ሦስተኛው ሰው ዶሮ ይጨምራል፤ ስድስተኛው በግ ያርዳል፤ ዘጠነኛው ተራው ሊደርስ ወር ሲቀረው «ሥራ በዛብኝ» ብሎ ይቀራል። ሥራ አልበዛበትም፤ አቅም አጥሮት ነው። የማኅበሩ ሙሴ (መሪው) የመጀመሪያ ሥራ የሚቀርበውን ከነብዛቱ ጽፎ ማጽደቅ መሆን አለበት፤ ከዚያ በላይ ያቀረበ እንዲቀጣ። የተረፈው ጸበል ጻድቅ ሳይመሽ ወደ ነዳያን እንዲሄድም እዚያው ይጻፍ።

የዕዳ ነገር

ከምጽዋትም የሚቀድም አለ። ማቴዎስ 5፥23–24 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ይላል፤ መባው ራሱ ተራ ይጠብቃል። ዘኬዎስ ጌታን ቤቱ ሲቀበል የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች እንደሚሰጥ ብቻ ተናግሮ ዝም አላለም፤ የበደልሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃስ 19፥8)። ንስሐ አባቶች ይህን ያስተምራሉ፦ ከሰው የተወሰደ ገንዘብ ባለቤቱ እስካለ ድረስ የሚመለሰው ለባለቤቱ ነው። ለደብሩ ጉልላት ማሠሪያ ሰጥቶ ከባለቤቱ መገላገል አይቻልም። ባለቤቱ ከሞተ ለወራሾቹ፤ ወራሽ ከጠፋ ያኔ ለድኻ።

ትንንሾቹ ዕዳዎች ናቸው የሚያስቸግሩት። የቀን ሠራተኛው «ነገ ና» ተብሎ የተመለሰባት ቀን። የቤት ሠራተኛዋ «አከማችልሻለሁ» ተብላ የተያዘባት የስምንት ወር ደመወዝ፣ ያውም ሳይጻፍ። ዘዳግም 24፥15 ደመወዙን በቀኑ ስጠው፣ ፀሐይ አይግባበት ይላል። ይህን በጥሬው የሚፈጽም ቤት ሰማይን ስለማመኑ ሌላ ምስክር አያሻውም። ለሠራተኛ የሚያጠራቅም ሰው በስሟ የባንክ ደብተር አውጥቶ በየወሩ ያስገባላት፤ ደብተሩም እሷ ዘንድ ይሁን።

ኑዛዜ የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ይይዛል። ለንስሐ አባት ኃጢአትን መናገርም ኑዛዜ ነው፤ ንብረትን ለወራሽ መደልደልም ኑዛዜ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት ሰውዬው ልቡ ንቁ ሳለ ነው፤ ሁለቱንም ደግሞ ወደ መጨረሻዋ ሰዓት እንገፋቸዋለን። የመጀመሪያውን እግዚአብሔር በቸርነቱ ይቀበለው ይሆናል፤ ሁለተኛውን ሕጉ አይቀበለውም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በግልጽ የሚደረገው በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነብቦ፣ መነበቡና ቀኑ ተጽፎ፣ ሁሉም እዚያው ይፈርሙበታል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። ሁለተኛው ተናዛዡ ራሱ በእጁ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚጽፈው ነው፤ ኑዛዜ መሆኑን ይናገራል፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ይኖረዋል። ይህኛው በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ፦ ሞቱ የቀረበ መስሎት ለ2 ምስክሮች የሚናገረው። በቃል መናዘዝ የሚቻለው ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ትንንሽ ልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ሰውዬው ድኖ 3 ወር ካለፈም ቀሪ ይሆናል።

አልጋ ላይ ሆኖ «ቤቴን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቻለሁ» የሚል ድምፅ በስልክ ተቀርጾ ሲቀርብ ፍርድ ቤት የሚጥለው ለዚህ ነው። 500 ብር ዛሬ አንድ በግ እንኳ አይገዛም። ባለትዳር ደግሞ ሊናዘዝ የሚችለው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው፤ የሚስቱን እኩሌታ ለደብር መስጠት አይችልም። ስጦታ ለደብር የሚያስብ ሰው ጽሑፉን ያዘጋጅ፣ ምስክሮቹን የማይጠቀሙ ሰዎች ያድርጋቸው፣ ልጆቹንም በቁሙ ያስማማ። ከሞተ በኋላ ሰበካ ጉባኤውና ልጆቹ ችሎት ፊት ሲቆሙ የሚጠፋው ንብረቱ ብቻ አይሆንም፤ ልጆቹ ያችን ደጅ ዳግም አይረግጧትም። ውርስ ሲጣራ ሕጉ ራሱ ተራ አለው፦ ቀብር፣ የማጣሪያው ወጪ፣ ቀጥሎ የሟች ዕዳ፤ ስጦታ ከነዚህ በኋላ ነው። ተዝካሩን በውርሱ ብር ያወጡ ልጆች በኋላ የሟች አበዳሪ መጥቶ ሲከሳቸው የሚደነግጡት ይህን ተራ ስለማያውቁ ነው።

እናትና አባት በዚህ ሒሳብ ውስጥ የት ናቸው? ማርቆስ 7፥11–13 ላይ ጌታ የገሠጻቸው ሰዎች «ለአንተ የሚገባው ቁርባን ሆኗል» እያሉ ለወላጅ የሚገባውን የሚከለክሉ ነበሩ። አሥራቱን ሳያጓድል፣ ለደብሩ ምንጣፍ ገዝቶ፣ እናቱን ለእህቱ ጥሎ የሚኖር ሰው ከእነሱ ጋር ይመደባል። አሥራት ከ9,000 ብር ደመወዝ 900 ነው፤ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። የእናት ቀለብ ደረሰኝ ስለሌለው ይረሳል። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8 ለቤተሰቡ የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ነው፣ ከማያምንም የከፋ ነው ብሎ ይዘጋዋል።

ጾሙ ላይ ደግሞ ትንሽ ቁጥር ልጨምር። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በውስጡ 8 ቅዳሜና 7 እሑድ አለ፤ በእነዚያ ከጥሉላት (ከሥጋና ከወተት ነገር) መከልከል እንጂ እስከ ሰዓት መዋል የለም፤ ከቅዳሜዎቹ የምትጾመው የፋሲካ ዋዜማዋ ቀዳም ሥዑር ብቻ ናት። ስለዚህ ሳይበላ የሚዋልባቸው ጠዋቶች 41 ናቸው። በቀን ሁለት ዳቦ ቁርስ የነበረው ሰው 82 ዳቦ ተርፎታል። የት ሄደ? ኢሳይያስ 58፥7 እንጀራህን ለተራበ ቁረስ ይላል፤ የተረፈው ቁርስ የጾሙ ግማሽ ነው ማለት ነው። ዛሬ የብዙ ቤት የጾም ወጪ ከፍስኩ በልጧል፤ ዘይቱ፣ ለውዙ፣ የጾም ኬኩ። የቀረውን ቁርስ ብር በየቀኑ በአንድ ጣሳ ውስጥ ጥሎ ሆሳዕና ላይ መክፈት ልጆችም የሚወዱት ዘዴ ነው። ሁለቱ የዕኩለ ጾም እሑዶችም ይህንኑ ነው የሚጠይቁት፦ ደብረ ዘይት ላይ ስለ ምጽአቱ፣ በሳምንቱ ገብር ኄር ላይ ስለ መክሊቱ ይነበባል። ይመጣል ከተባለ በኋላ በሳምንቱ ብሩን ምን አደረግህበት ይባላል።

ሰማይን ተስፋ አድርጎ ሥራ መፍታት ግን ስንፍና ነው። ይመጣል ብለው እጃቸውን ላጣጠፉት ሰዎች ጳውሎስ የመለሰው ሊሠራ የማይወድ አይብላ ብሎ ነው (2ኛ ተሰሎንቄ 3፥10)። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ቀና ያለ ሰው ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች ያያል፤ በየአቅጣጫው ይመለከታሉ። እንግዳው እነሱን ፎቶ አንሥቶ ይወጣል። ግድግዳው ላይ ያለውን፣ በእሳት መካከል የተቀመጠውን ሰይጣን ግን ቶሎ ያልፈዋል። ሠዓሊው ሁለቱንም የሣለው ወደ ገበያ ለሚመለስ ሰው ነበር።

አንድ የጎንደር ብቻ የሆነ ችግር ቀርቶኛል። የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ነንና ሰው በአንዱ ደብር ያስቀድሳል፣ በሌላው ማኅበር ይጠጣል፣ የሰበካ ጉባኤ መዋጮውን በሦስተኛው ይከፍላል ወይም የትም አይከፍልም። ሲሞት የሚጠየቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ «አጥቢያው የት ነው? ንስሐ አባቱ ማን ናቸው?» ንስሐ አባት ለበዓል ዳቦ ቆርሰው የሚሄዱ ብቻ ከሆኑ ስለ ሰውዬው የሚመሰክሩት የላቸውም። በዓመት ቢያንስ ከአጽዋማቱ በፊት መናዘዝ፣ የተሰጠውን ቀኖና የሚያልቅበትን ቀን መጻፍ፣ ካለቀም ተመልሶ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ይህችን መመለስ ላይ ነው፤ ስግደቱን ጨርሶ ሳይፈታ፣ ሳይቆርብ ይቀራል።

ለዚህ ሁሉ አንዲት ደብተር ትበቃለች። መጀመሪያው ገጽ ላይ የቤተሰቡ ሁሉ የክርስትና ስም፤ ቀጥሎ የንስሐ አባት ስምና ስልክ፣ አጥቢያው፣ የሰበካ ጉባኤው ደረሰኝ፣ የዕድሩ ካርድ። ከዚያ ሁለት ዓምድ፦ የሰው ያለብኝ፣ ሰው ዘንድ ያለኝ፤ ከነቀኑ፣ ከነምስክሩ። ይቅር ያልኩት ዕዳ ካለ «ተትቷል» ተብሎ ይፈረምበት፤ አለዚያ ልጆች ከድኻ ጎረቤት ይጠይቁታል። ተዝካሬ ላይ ስንት ሰው ይጠራ፣ ስንቱ ነዳያን ይሁኑ፣ ብድር እንዳይገባ የሚል መስመርም ይግባበት፤ ልጆች ከይሉኝታ የሚያመልጡት «እሱ ራሱ ነው ያዘዘን» የሚሉት ወረቀት ሲኖራቸው ነው። ደብተሯን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን አንገት ላይ አስሮ መሞት የተለመደ ነው። የት እንዳለች ሁለት ሰው ይወቅ፤ አንዱ ከቤት፣ አንዱ ከጎረቤት።